ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

የወይራ አምባ ሰው ስብሰባ አይወድም። ሐሜት አይደለም፤ ቀበሌው ራሱ በመዝገብ ያሰፈረው ነገር ነው። በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከጥር እስከ መጋቢት ነዋሪው አራት ጊዜ ተጠርቶ፣ ብዙ ሰው ተገኘ በተባለበት ቀን የመጣው ዘጠኝ ነበር። ከዘጠኙ አምስቱ የቀበሌው ሠራተኞች፣ ሁለቱ ደግሞ ዝናብ አባሯቸው የገቡ መንገደኞች ናቸው።

ለቅሬ ግን ይወጣል። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር በተንጠለጠለችው ወይራ አምባ ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ቤት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባው ሲነፋ ወንዱ ዶማና አካፋውን ይዞ፣ ሴቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤት ይወጣሉ። ማን እንደሞተ ቤቱ ተቀምጦ የሚያጣራ የለም፤ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይጠየቃል። የቀረ ይቀጣል፤ እየደጋገመ የቀረ ከቅሬ ይሰረዛል። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሲሞት የሚሆነውን ማውራት እንኳ ደስ አይልም፤ ቆፋሪ የለው፣ ተሸካሚ የለው፣ አልቃሽ የለው።

ጥሩምባ ነፊው አግማስ ነበር። ኮምቦልቻ በአንድ የክር ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቶ፣ ከጡረታ ደብዳቤው ጋር በሳንባው የጥጥ ብናኝ ይዞ የወጣ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ለቅሶ ሲኖር ከታች ከድልድዩ ይጀምርና ላይ ወይራው ድረስ አምስት ቦታ እየቆመ ይነፋል። በየቦታው ሦስት ጊዜ ይነፋና የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይጠራል። ዳገቱ መጀመሪያ ያስለው ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ግድግዳ ይዞ ማረፍ ጀመረ። ሐኪሙ "አባት፣ ይሄን ነገር ይተዉት" ብሎታል። ተተኪ ቢፈለግ አልተገኘም፤ ሲያዩት ሰው የሚደነግጥበትን ሥራ ማን ይፈልጋል? እውነቱን ለመናገር ቢገኝም አግማስ ደስ አይለውም ነበር። በወይራ አምባ እሱ አፉን ሲከፍት ዝም የማይል ሰው የለም፤ ሚስቱ ገበያነሽ ብቻ ናት።

በዚያ መጋቢት አንድ ቀን ፈንታሁን ቤቱ መጣ። ፈንታሁን የቀበሌው የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ነው፤ ከአግማስ ቤት ቀጥሎ ቁልቁል ያለችውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ጨዋ፣ ዕቅድ የሚወድ ወጣት። በክንዱ ሥር የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዞ ነበር። ፈታና አልጋው ላይ ዘረጋው። "ፈጣን መስመር ለሁሉም ቤት" ይላል።

"ብሮድባንድ ይባላል ጋሽ አግማስ" አለ። "መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤት ሊያስገባ አቅዷል። ወይራ አምባ ደግሞ ከደሴ ሁሉ በሞዴልነት ተመርጣለች። በስልክ ሽቦ እየተንፏቀቀ የሚመጣው ዓይነት አይደለም፤ በመስታወት ገመድ ውስጥ በብርሃን ነው የሚሄደው።"

"በመስታወት?" አለች ገበያነሽ ከጓዳ። "ሲሰበርስ?"

ይህ በዕቅዱ ውስጥ ስላልነበረ ፈንታሁን አልመለሰላትም። ገመዱን የሚያመጣው ኮምቦልቻ ያለው የፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቦዩን የሚቆፍረው ግን ኅብረተሰቡ ነው። አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ዋናው፣ ከዚያ ለየደጃፉ ቅርንጫፍ። ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። በዕቅዱ ላይ "ቁፋሮ፣ መቶ በመቶ" የሚል ተጽፏል፤ መሬቱ ላይ ግን አንድ ቅንጣት አፈር አልተነሳም።

"አሁን እርስዎ አንድ ለቅሶ ለመንገር ስንት ይፈጅብዎታል?" አለ ፈንታሁን።

"ሳል ካልያዘኝ አንድ ሰዓት ከሩብ።"

"መስመሩ ሲገባ እዚችው ደጃፍዎ ላይ ቁጭ ብለው አንዲት ነገር ጫን ያደርጋሉ። የሟቹ ስም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ይደርሳል። ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ። መጀመሪያ የሚገባውም እርስዎ ቤት ነው።"

አግማስ ደረቱን ዳሰሰ። ዳገቱን አሰበ፣ አምስቱን ቦታዎች አሰበ፣ ከሦስተኛው በኋላ ዓይኑ ፊት የሚበሩትን ጥቃቅን ነገሮች አሰበ። ተመኘ። እንዲህ ያለ ነገር ከተመኘ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ሐሙስ ጠዋት ጥሩምባዋን ይንፉልኝ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ለልማት ነው።"

ያ ጥሩምባ ከሞት በቀር ለሌላ ነገር ተነፍቶ አያውቅም። በደርግ ጊዜ ለዘመቻ ይነፋ ሲባል እንኳ የያኔው ነፊ ጓሮው ቀብሮ "ጠፋብኝ" ብሎ ነበር። አግማስም ይህን ነገረው። ፈንታሁን አልተጨቃጨቀም፤ ወረቀቱን አልጋው ላይ እንደተዘረጋ ትቶለት ሄደ። በወረቀቱ ላይ ከቤት ቁጥሮች ሁሉ መጀመሪያ የተጻፈው የአግማስ ቤት ቁጥር ነው፤ ከጎኑም ክብ ማኅተም አለ። አግማስ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ማኅተም ሲያይ ሰነበተ። በመጨረሻ ለኅሊናው የሚሆን መላ አገኘ።

"እነፋለሁ፤ ስም ግን አልጠራም" አላት ገበያነሽን። "ስም ካልጠራሁ ውሸት አይደለም።"

"ስም ካልጠራህ ሞት ራሱ ይመርጣል" አለች።

ሐሙስ ጠዋት ጉም ነበር። አግማስ በአምስቱም ቦታ ሦስት ሦስት ጊዜ ነፋ፤ የስሙ ቦታ ሲደርስ ዝም አለ። ሰው ዝምታውን ልብ አላለውም። "ነፋሱ ወሰደው" ብሎ ዶማውን አነሳ። አቶ ሞላ ተገኘ ከጥምቀት ጀምሮ አልጋ ላይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ላይኛው ሰፈር "ሞላ ይሆን?" አለ፤ መካከል ሲደርስ "ሞላ ነው" ሆነ፤ ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምንም ሳይሠቃይ" ተባለ። የአግማስ የላይ ጎረቤት ከይሪያ ሜዳው መሐል ደረቷን እየመታች የሞላን ደግነት መዘርዘር ጀመረች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። እንግዳ ተቀባይነቱ፣ ጎረቤት አክባሪነቱ፣ በክፉ ቀን ለስንቱ እንደደረሰ። በሕይወቱ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

በዚህ መሐል ሞላ ራሱ በአንድ እጁ ከዘራውን፣ በሌላው አካፋውን እየጎተተ፣ እያለከለከ መጣ። በሽተኛ ነኝ ብሎ ከቅሬ መቅረት አልፈለገም።

"ማን ሞተ?" አለ።

ከይሪያ እጇ ደረቷ ላይ እንደተነሳ ቀረ። "ያረቢ" አለች በለሆሳስ።

ነገሩ ሲገባው ሞላ በከዘራው ተደግፎ ትንሽ አሰበ። "ደግ ነበር ያልሽው እኔን ነው?"

"አዎ፣ አያ ሞላ።"

"በይ ቀጥይ" አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

መቀጠል ግን አልተቻለም፤ ፈንታሁን በድምፅ ማጉያ "የተከበራችሁ የወይራ አምባ ነዋሪዎች" ማለት ጀምሯል። ከጀርባው ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከእግሩ ሥር በኖራ የተሰመረ ነጭ መስመር ወደ ዳገቱ ይወጣል። ሰው ሰሌዳውን አየ፣ ኖራውን አየ፣ ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ አግማስ ዞረ። የቅሬው ዳኛ ሐጂ በሺር በዝግታ ወደ እሱ መጡ። ዝግ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቆጡ ይበልጥ ዝግ ይላሉ።

"አግማስ፣ ማን ነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም ሐጂ። ስምም አልጠራሁም።"

"ስም ሳይጠራ ጥሩምባ ይነፋል? አላህን ፍራ እንጂ። ይሄው ሁለት መቶ ሰው አካፋ ይዞ ቆሟል። ለማን ነው የሚቆፍረው?"

አግማስ ስለ መስታወቱ ገመድ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ጫን ስለምትደረገው ነገር ሊያስረዳ ሞከረ። ሳል ያዘው። ከኋላ አንዱ "ይሄ ሰው ሸጦናል" አለ፤ ሌላው "ከቅሬ ይውጣ" አለ። ሰዉ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ፊቱን ማዞር ጀመረ። አግማስ ያን ጊዜ ፈራ፤ የሚፈራው ሞትን አልነበረም፣ ይህን ጀርባ ነው። በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ የከፋውን ነገር ያን ጊዜ አደረገ። ማለ።

"ስሙኝ! እስከ ዘመን መለወጫ ይህ መስመር በየቤታችሁ ካልገባ፣ ከዚያ ወዲያ ስሞት ማንም ዶማ አያንሳልኝ። አንድ አካፋ አፈር አይቆፈርልኝ። ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐጂ በሺር ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፤ ሊያስቆሙት ፈልገው ዘግይተዋል። ሰው ቀብሩን አስይዞ ከማለ ደግሞ ምን ይባላል? መንግሥት ስንት ዕቅድ በስንት ማኅተም ሲያወጣ ያላመነው ሕዝብ የአግማስን መሐላ አመነ። አንዱ ዶማውን ከትከሻው አወረደ፤ ሌላው ተከተለው።

የፕሮጀክቱ ሙያተኛ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል ብሎ ነበር። የቅሬ እጅ ግን ስድሳ ሳንቲ ሜትር አያውቅም፤ የለመደው ሌላ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ቦይ፣ ከነቅርንጫፎቹ እስከ እያንዳንዱ ደጃፍ፣ ወገብ የሚያደርስ ሆኖ ተቆፍሮ አለቀ። ፈንታሁን ፎቶ አነሳ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እውነተኛ ደስታ ነው።

ሚያዝያ መጣ፣ ገመድ አልመጣም። ግንቦትም አለፈ። ሰው ከቤቱ ለመውጣት ቦዩ ላይ ሳንቃ አጋደመ፤ ሳንቃ ያጣ የቁም ሣጥኑን በር ነቀለ። የሐጂ በሺር አህያ ገብታ በስምንት ሰው ወጣች። ፈንታሁን ሲጠየቅ "በሂደት ላይ ነው" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አግማስ ለቅሶ ለመንገር በወጣ ቁጥር ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ የሟቹን ስም ይሰማና "ጋሽ አግማስ፣ ገመዱስ?" ይለዋል። በክፋት አይደለም፤ ለቀብሩ አስበውለት ነው፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። ማታ ማታ ሳሉ ሲብስበት ገበያነሽ "እስከ መስከረም ቻል" ትለውና ወዲያው "ከመስከረም በኋላማ ጭራሽ እንዳትሞት" ትለዋለች።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ጦሳ ላይ ዶፍ ወረደ። ውሃ ከጥንት ጀምሮ በራሱ መንገድ ወንዝ ይገባ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ወገብ የሚያደርስ፣ በጥንቃቄ የተቆፈረ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ቅርንጫፍ ያለው መንገድ አገኘ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ቤት ገባ። ሀብታም ከድሃ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ከመስጊድ ሰጋጅ አልለየም። ፈንታሁን ቤት የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ከአልጋ ሥር ወጥቶ በበሩ ተንሳፎ ሄደ። በአላህም በእግዜሩም ፈቃድ ሰው አልሞተም፤ አግማስ ግን ውሃውን ከቤቱ በባልዲ ሲቀዳ አድሮ፣ ጠዋት ቁጭ ብሎ መነሳት አቃተው። ያን ቀን የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ገባው።

ሲሻለው ሚኒባስ ተሳፍሮ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ጽሕፈት ቤቱን ከማግኘቱ በፊት ሻይ ሊጠጣ አንድ ቤት ገባና ልቡ ዘለለ። በረንዳው ላይ ያሉት ጠረጴዛዎች በሙሉ ገመድ የሚጠቀለልባቸው ትላልቅ የእንጨት እንዝርቶች ናቸው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ክር ሲያጠነጥን የኖረ ሰው ይህን አይስትም። ስለዚህ ገመዱ እዚህ ደርሷል ማለት ነው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

የግምጃ ቤት ሠራተኛው ጸጋው ይባላል። ቅን ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠው፣ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀው፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ፈለገለት።

"ወይራ አምባ... ይሄው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት። አገልግሎት የጀመረ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። መቶ በመቶ። ተጠናቋል፣ አባት። እንኳን ደስ አላችሁ።"

"ቦይ ነው ያለን" አለ አግማስ። "ቦይ ብቻ።"

ጸጋው የደብዳቤ ፋይል አወጣና ገለጠለት። ቀበሌው "ቁፋሮ መቶ በመቶ" ብሎ ጽፏል፤ እውነት ነው። ከሱ በላይ ያለው "ለመስመር ዝርጋታ የሚያስፈልገው መቶ በመቶ ተሟልቷል" አለ። ከሱ በላይ ያለው "ዝርጋታ መቶ በመቶ" አለ። የመጨረሻው "አገልግሎት መቶ በመቶ"። ማንም ትልቅ ውሸት አልዋሸም፤ እንደ ለቅሶ ቤት መዋጮ እያንዳንዱ የአቅሙን ትንሽ ትንሽ ነው ያዋጣው።

"እንግዲያው ገመዱን ስጠኝ" አለ አግማስ። "ውጭ ጠረጴዛዎቹን አይቻለሁ።"

"እሱ ወደ ሌላ ቦታ የሄደው ነው፤ የእናንተ ሲጠናቀቅ ዞረ። ላልተጠናቀቀ ሥራ እንጂ ለተጠናቀቀ ገመድ ወጪ አይደረግም።"

"እንዳልተጠናቀቀ ጻፍ።"

"እኔማ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ። መጻፍ የሚችለው አጠናቀቅሁ ያለው ክፍል ነው።"

"እሱ ይጽፋል?"

ጸጋው መሳቅ ጀምሮ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተወው። በር ድረስ ሸኘውና "ጳጉሜን ላይ አጣሪ ትመጣላችኋለች፤ ለእሷ ይንገሯት" አለው።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ፈንታሁን አንድ ቅጽ ይዞ መጣ። ከጎርፉ በኋላ ከስቶ ነበር። "ጋሽ አግማስ" አለ፣ "እርስዎ የኅብረተሰቡ ተወካይ ተብለው ተመዝግበዋል። ነገ አጣሪዋ ስትመጣ መስመሩ ገብቷል ብለው ይፈርሙ።"

"የት ገብቶ?"

"ይስሙኝ። እስከ ዘመን መለወጫ መስመሩ ካልገባ ብለው ነው የማሉት። ይሄ ማኅተም ያለበት የመንግሥት ወረቀት ነው፤ ገብቷል ይላል። እርስዎ ከፈረሙበት መሐላዎ ተፈጸመ ማለት ነው። ቅሬው የመንግሥት ወረቀት አይቶ አልቀብርም ይላል? ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ለእርስዎም ነው የማስበው።"

እውነቱን ነበር፤ ለሁለቱም አስቦ ነው። ያን ዕለት አግማስ ቅጹን ሻይ ማስቀመጫው ላይ አድርጎ ሲያየው ዋለ። አንድ ፊርማ ነው። በሰው ትከሻ ወደ መድኃኔዓለም መሄድና እንደ ውሻ መጣል መካከል ያለው አንድ ፊርማ ነው። ገበያነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገረችም፤ እስክሪብቶ ፈልጋ ከቅጹ አጠገብ አኖረችለት። እሷም ፈርታ ነበር።

በማግሥቱ የቅሬው ወርኃዊ ጉባኤ ነው፤ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ተቀምጧል። አጣሪዋ ወንጌላዊት የምትባል ትሑት ወጣት ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተበላሽቶም ፊቷን አላጠቆረችም። አግማስ ፊት ቆማ "አባት፣ ፈጣን መስመሩ ቤትዎ ገብቷል?" ስትል ጠየቀችው።

አግማስ ቅጹን ከኪሱ አወጣ። ቀና ሲል ሁለት መቶ ፊት ያየዋል። ከፊት ለፊት ሞላ ከዘራው ላይ አገጩን አስደግፎ ተቀምጧል። አንዳንዱ ዓይኑን ሰበረለት፤ ፈርም፣ አናይህም እንደማለት። አግማስ ግን መጋቢት ላይ አንድ ጊዜ ስም ሳይጠራ ነፍቶ ምን እንዳመጣ ያውቃል።

"ገመድ አልገባም ልጄ" አለ። "ጎርፍ ነው የገባው። እሱስ ሁሉም ቤት ደርሷል።" ቅጹን ሳይፈርም ሰጣት።

ወንጌላዊት የራሷን ወረቀት ገለጠች፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ አየች። ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረው፤ አንዱ "ገብቷል፤ ተጠቃሚው ረክቷል"፣ ሌላው "ገብቷል፤ መሻሻል አለበት"። "ያልገባ የሚል የለኝም አባት" አለች፤ ከልቧ አዝና ነበር። ብዙ አሰበችና ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረገች። መኪናዋ ድልድዩን ስትሻገር ወይራ አምባ እንደገና መቶ በመቶ ሆነች።

አግማስ ጥሩምባውን ከትከሻው አውርዶ ሐጂ በሺር እግር ሥር አኖረው። "ዘመን ሊለወጥ ሦስት ቀን ቀርቶታል" አለ። "በሦስት ቀን አይመጣም። መሐላዬ ያው ነው።"

ሐጂ በሺር ከሽማግሎቹ ጋር ዞር ብለው ተመካከሩ፤ ሲመለሱ ቆመው ተናገሩ።

"መጋቢት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ወጣን፣ ቆፈርን። ለማን እንደቆፈርን ግን ስም አልተጠራም። ቅሬ ስም ላልተጠራ ሰው ቆፍሮ አያውቅም፤ ይህ ነገር አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዛሬ ስሙን እኔ እጠራለሁ። የቆፈርነው ለአግማስ ነው።"

ሜዳው አጉረመረመ።

"አግማስ ከዘመን መለወጫ ወዲያ አፈር አይቆፈርልኝ ብሎ ምሏል። መሐላ አናፈርስም፤ አይቆፈርለትም። ተቆፍሮለታልና። አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር፣ ወገብ ድረስ። ወላሂ በዚህ አገር ይህን ያህል የተቆፈረለት ሰው አላውቅም። ቀኑ ሲደርስ መቃብሩን፣ መሐላውን ያልሰማው ከድልድዩ ማዶ ያለው ቅሬ ይቆፍርለታል፤ እኛም በተራችን ለእነሱ ሙት እንቆፍራለን። መሸከሙንና ማልቀሱን መሐላው አልከለከለንም። አብሽር፣ አግማስ።"

"የእኔም ለቅሶ ተለቅሷል" አለ ሞላ ከተቀመጠበት። "የቀረኝ መሞት ብቻ ነው።"

ሰው ሳቀ። አግማስ ግን አለቀሰ፣ በሁሉም ፊት፣ ሳይደብቅ።

ፍርዱ እዚያ ላይ አላበቃም። ጥሩምባው አንድ ጊዜ ያለ ሞት ተነፍቷልና ከእንግዲህ አይታመንም፤ የቅሬው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል ተባለ። የሞተበት ቤት ለጎረቤቱ ይናገራል፤ የሰማ ቤት ለሚቀጥለው ሳያደርስ ከደጃፉ አይራመድም፤ ያቋረጠ ይቀጣል። ደግሞም የተቆፈረ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ዘመን አይለወጥም ብለው በማግሥቱ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ወጡና ቦዩን ከነቅርንጫፎቹ ደፈኑት። አግማስ ሳንባው አረፈ፤ ልቡ ግን ታመመ። ለብዙ ሳምንት ጥሩምባው ይሰቀልበት የነበረውን ባዶ ምስማር ላለማየት ፊቱን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ጥቅምት ላይ አንድ ማለዳ ከይሪያ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። አላለቀሰችም፤ መጀመሪያ ማድረስ ነበረባት።

"ጋሽ አግማስ፣ አያ ሞላ አረፈ። ቀብሩ በስምንት ሰዓት ነው፣ መድኃኔዓለም።"

አግማስ ተነሳ። እጁ በልማድ ወደ ምስማሩ ሄደ፣ ባዶውን መለሰው። ዳገቱን መውጣት የለበትም፤ አምስቱ ቦታም የለም። ያለበት አንድ ቤት ነው፣ ቁልቁል ያለው የፈንታሁን ቤት። ወደ አጥሩ ሄዶ ቆመ። ያን ቀን በጉም ውስጥ አምስት ጊዜ የዋጠው ስም ጉሮሮው ላይ ነበር።

"ፈንታሁን" ብሎ ጠራ። ልጁ በፎጣ ፊቱን እያደረቀ ወጣ። "ሞላ ተገኘ አርፏል። ቀብሩ በስምንት ሰዓት፣ መድኃኔዓለም።"

ትንፋሹ በቃው።

ፈንታሁን ትንሽ አመነታ። "በእውነት ነው?"

"በእውነት ነው። በል፣ ለሚቀጥለው አድርስ።"

ፈንታሁን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ታችኛው አጥር ሮጠ፤ ስሙን ከነአባቱ ሲጠራ አግማስ ሰማው። ከዚያ ሌላ ድምፅ ተቀበለው፤ ከዚያ የሴት፤ ከዚያ የሽማግሌ፤ እየራቀ ሄደ። አግማስ ገበያነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ አያት፤ ቤት ገብቶ አካፋውን ከበሩ ጀርባ ፈለገ። ስሙ ከድልድዩ ዘንድ ሲጠራ ሲሰማ እጁ ገና አካፋውን አልጨበጠም ነበር።